ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል መማር ትርጉሙን እያበላሸብን ይሆን?

ሐይቅ ዳር (ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት የጀመረች)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያልፉ የስፔን ጎብኚዎች አልፎ አልፎ እኛ ዘንድ ያድራሉ። በዚህ ምክንያት ከስምንት ወር ወዲህ ስፓኒሽ በራሴ እየተማርኩ ነው። መማሪያዬ በስልኬ ላይ የጫንኩት የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት በዕድሜ የገፉ ስፔናዊት ከክፍላቸው ወርደው «ኤስቶይ ኮንስቲፓዳ» አሉኝ። ቃሉ ከእንግሊዝኛው «ኮንስቲፔትድ» ጋር አንድ መስሎኝ ሆድ ድርቀት ይዟቸዋል ብዬ ደመደምኩ። ወጥ ቤት ሄጄ ፓፓያ አስቆርጬ፣ የተልባ ውኃ አስበጥብጬ ይዤላቸው መጣሁ። ሴትዮዋ ግን የያዛቸው ጉንፋን ነበር። በስፔን «ኮንስቲፓዳ» ማለት ጉንፋን የያዛት ማለት ነው፤ ሆድ ድርቀት የያዛት ሴት «ኤስትሬኚዳ» ትባላለች። ትኩስ ሻይ በዝንጅብል የሚሻቸውን ሴት ቀዝቃዛ ፓፓያ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። በትሕትና አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን ገልጬ በእንግሊዝኛው መልክ ተታልዬ የጻፍኳቸውን ቃላት መፈተሽ ጀመርኩ። «ኤምባራሳዳ»ን ያፈረች ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ትርጉሙ ነፍሰ ጡር ነው። «አክቱዋልሜንቴ»ን በእውነቱ ብዬዋለሁ፤ ትርጉሙ በአሁኑ ጊዜ ነው። «ሊብሬሪያ»ን ቤተ መጻሕፍት አድርጌዋለሁ፤ የመጻሕፍት መሸጫ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት «ቢብሊዮቴካ» ይባላል። «ኤክሲቶ»ም መውጫ አይደለም፣ ስኬት ነው። ከሁሉ የከበደኝ «ሞሌስታር» ነው። እንግሊዝኛው «ሞሌስት» ዛሬ የሚሰማው በወሲብ ጥቃት ነው። ስፓኒሹ ግን ማስቸገር፣ መረበሽ ማለት ብቻ ነው። በሆቴል በር እጀታ ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ «ኖ ሞሌስታር» የሚለው አትረብሹ ለማለት ነው። አንድ እንግዳ «ማስቸገር አልፈልግም» ብሎ በትሕትና ሲናገር ፊቴን ያጠቆርኩበትን ቀን አስታወስኩ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፦ ደብተሬን ቀድጄ በአማርኛ ብቻ እንደ አዲስ ልጻፍ? ወይስ የእንግሊዝኛው ድልድይ ከነጉድለቱ ያስፈልገኛል?

የቋንቋ ተማሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ደብተርሽን አትቅደጂ። በችኮላ ጥቅሙን እንዳትጥይው እፈራለሁ።

እንግሊዝኛ ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል እጅግ ብዙ የላቲን ቃላት ወስዷል። ስፓኒሽ ደግሞ ራሱ የላቲን ልጅ ነው። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት በመልክም በትርጉምም ይገጥማሉ። በእንግሊዝኛ «ሽን» ብሎ የሚያልቀው በስፓኒሽ «ሲዮን» ይላል፤ «ኔሽን» «ናሲዮን»፣ «ኢንፎርሜሽን» «ኢንፎርማሲዮን» ይሆናል። «ቲ» የሚለው መጨረሻ «ዳድ» ይሆናል፤ «ዩኒቨርሲቲ» «ኡኒቨርሲዳድ»። በአንድ ምሽት ብዙ መቶ ቃል በነጻ ታገኛለሽ። አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ ይህን ሊሰጥሽ አይችልም። የሚያታልሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ለይተሽ ቀይ ምልክት አድርጊባቸው።

ነርስ ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

«ጥቂት ናቸው» ማለት ለፈተና ይሠራ ይሆናል። በእኔ ሙያ አንዷ ቃል ትበቃለች።

በ1980 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቦቹ ከኩባ የሄዱ ነበሩ። ምግብ መርዞት ነው ብለው ስላሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። ሐኪሞቹ ይህን እንደ እንግሊዝኛው «ኢንቶክሲኬትድ» ተረዱት፤ ያም የሰከረ ወይም ዕፅ የወሰደ ማለት ነው። ሲታከም የቆየው ዕፅ አብዝቶ እንደወሰደ ሰው ነበር። በእውነቱ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ያ እስኪታወቅ ከሁለት ቀን በላይ አለፈ፤ ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ካሳው 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ ግን የትኛው ገንዘብ ያንን ይመልሳል?

በአማርኛ «ተመርዟል» እና «ሰክሯል» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉን። ማንም አያምታታቸውም። ሐይቅ ዳር እህቴ፣ ቃሉን ስትጽፊ በአማርኛ ምን እንደሚባል ከጎኑ ጻፊ። «ሴንሲብሌ» የሚለውንም አስቢ፤ በእንግሊዝኛ «ሴንሲብል» አስተዋይ ማለት ነው። በስፓኒሽ ለሰው ሲሆን ሆደ ባሻ፣ ለቆዳ ሲሆን ቶሎ የሚቆጣ ማለት ነው። ታካሚ ስለ ቆዳዋ ስትነግርሽ ስለ ማስተዋል እያወራች አይደለም።

ከኢስላ የተመለሰ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ልጆቼ፣ ይህን ክር ሳነብ ልቤ ተነካ። ወደ ኩባ የሄድኩት በ1971 ዓ.ም. ልጅ ሆኜ ነው። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ ማለትም የወጣቶች ደሴት ከተላኩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬዎች እርሻ እንሠራለን። ስፓኒሽን ያለ እንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፤ ያኔ እንግሊዝኛ አልችልም ነበርና። ዛሬ ሐዋሳ ተቀምጬ ወጣቶች በእንግሊዝኛ በኩል ሲማሩት ሳይ መንገዱን ማን እንዳረዘመባቸው እገረማለሁ።

ነርሷ የተናገረችው እውነት ነው። እኛ ስንኖርበት ከነበረው ትምህርት ቤት ልጅ ሆዱን ሲያመው ሞግዚቷ «ኤስታ ኢንቶክሲካዶ» ትል ነበር። የበላው አልተስማማውም፣ ሆዱ ተበላሽቷል ማለቷ ነው።

ሐይቅ ዳር፣ ላንቺ ደግሞ አንድ ነገር፦ የኩባ ሰው ጉንፋን ሲይዘው «ቴንጎ ካታሮ» ነው የሚለው። በላቲን አሜሪካ አንዳንድ አገሮች «ኮንስቲፓዶ» እንዳንቺው ግምት ሆድ ድርቀት የያዘው ማለት ይሆናል። ስለዚህ ከቃሉ በፊት እንግዳው ከየት እንደመጣ ጠይቂ። «ጓጓ» የሚለውን ስሚ፤ በእኛ አማርኛ ልቡ ተንጠለጠለ ነው፤ በኩባ አውቶቡስ ነው፤ በቺሊ ሕፃን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደሴቲቱ ላይ በሁለተኛው ወር ብርጭቆ ከእጄ ወደቀና ተሰበረ። ምን ብዬ እንደምናገር ጨነቀኝ። አጠገቤ የነበረች ኩባዊት አብሳይ «ሴ ሜ ካዮ» በል አለችኝ። ቃል በቃል ስፈታው «ወደቀብኝ» ነው! «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ተሰበረብኝ። «ሴ ሜ ፔርዲዮ» ጠፋብኝ። «ሴ ሜ ኦልቢዶ» ተረሳኝ። «ሴ ሜ ኢሶ ታርዴ» መሸብኝ። ያን ቀን ይህ ቋንቋ የእናቴ ቋንቋ ዘመድ መሰለኝ። በኋላ እንግሊዝኛ ስማር «ብርጭቆውን ሰበርኩት» በል ተባልኩ፤ ሆን ብዬ የሰበርኩት ይመስል።

እንግሊዝኛ ተምሮ ወደ ስፓኒሽ የሚሄድ ሰው ይህችን «ሴ ሜ» ለወራት ይታገላታል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በአፉ ይዟታል፤ እንደያዛት የነገረው የለም እንጂ። አንድ ልዩነት ብቻ ልብ በሉ፤ የእኛዋ ይበልጥ ትለያለች። «ሜ አብሪዮ ላ ፑኤርታ» በሩን ከፈተልኝ ነው፤ «ሜ ሮባሮን» ሰረቁብኝ ነው። ስፓኒሹ ለበጎውም ለክፉውም አንዲት «ሜ» ብቻ አለው፤ እኛ «ልኝ» እና «ብኝ» ብለን እንለያያለን።

ሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አንብቤ ደብተሬን ዳግመኛ ስከፍት ሌላም አገኘሁ።

«ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለውን መዝገበ ቃላቱ «ቡና እወዳለሁ» በሚለው እንግሊዝኛ ይፈታዋል። ከዚያም ወዳጁ እኔ ከሆንኩ ግሡ ለምን በቡናው ይረባል ብዬ ስምንት ወር ሙሉ ግራ ተጋባሁ። ቡናው ብዙ ሲሆን «ጉስታን» ይላል፤ እኔ ምን አገባኝ? መልሱ ግን «ቡና ደስ ይለኛል» ውስጥ ነበር። ደስ የሚያሰኘው ቡናው ነው፤ እኔ በግሡ ጭራ ላይ «ኝ» ሆኜ ተንጠልጥያለሁ። «ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ» ራሴን ያመኛል ነው። «ሜ ፋልታ» ይጎድለኛል። በእነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ «እኔ» ብሎ ይጀምራል፤ እኛና ስፔኖቹ አንልም።

ግን ጋሼ፣ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም መሰለኝ። «ራበኝ» እንላለን፤ እነሱ «ቴንጎ አምብሬ»፣ ረኃብ አለኝ ይላሉ። በዚህ ላይ ከእንግሊዝኛውም ከአማርኛውም ተለዩ።

ስለ ማክበርም ልጠይቅዎ። ያችን ስፔናዊት ከመጀመሪያው «ቱ» አልኳቸው። ከእንግሊዝኛው «ዩ» ስነሳ አንቺና እርስዎ ለየቅል መሆናቸው ጠፋኝ። በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም ነበር።

ከኢስላ የተመለሰ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልክ ነሽ ልጄ፤ «ቴንጎ» የራሷ መንገድ አላት። ብርድም፣ ጥማትም፣ እንቅልፍም፣ ዕድሜም በ«ቴንጎ» ነው። «ቴንጎ ሱኤኞ» ስትሰሚ ተጠንቀቂ። «ሱኤኞ» ሕልምም እንቅልፍም ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ሰው ሕልም አለኝ ብሎ የተናገረ ይመስለዋል፤ ሰውየው የሚለው እንቅልፌ መጣ ነው፤ የክፍሉን ቁልፍ ስጪው።

ለእርስዎ የሚሆነው «ኡስቴድ» ነው። ቃሉ «ቡኤስትራ መርሴድ» ከሚለው፣ ምሕረትዎ ወይም ቸርነትዎ እንደማለት ካለው የአክብሮት መጠሪያ ያጠረ ነው። ግሡ ደግሞ እንደ እኛው ነው። እኛ «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል «እሳቸው ይመጣሉ» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ግሥ እንጠቀማለን። እነሱም «ኡስቴድ ቪየኔ» ሲሉ ግሡ የሩቁ ሰው ግሥ ነው። ሽማግሌን ፊት ለፊት እንደሌሉ አድርጎ ማክበር የእኛ ብቻ አይደለም። ስፔን ውስጥ ወጣቶች ፈጥነው ወደ «ቱ» ይገባሉ፤ አንቺ ግን በእንግዳ መቀበያ ላይ በ«ኡስቴድ» ጀምሪ፤ «ቱ በይኝ» ካሉሽ ያኔ ትቀይሪያለሽ።

የቋንቋ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ጋሼ ስለ ብርጭቆው የተናገሩትን ሳነብ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። ኬትሊን ፎሲ እና ሌራ ቦሮዲትስኪ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችና ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሰዎች ነገር ሲሰብሩ፣ ሲያፈሱ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎችን ተመለከቱ። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ አንዳንዱ በድንገት። ሆን ተብሎ በተደረገው ሁለቱም እኩል ገለጹ፤ ማን እንዳደረገውም እኩል አስታወሱ። በድንገት በሆነው ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «እሱ ሰበረው» ማለት አበዙ፤ አድራጊውንም ከስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ በተሻለ አስታወሱት።

ስለዚህ በሰኞው አስተያየቴ ላይ አንድ ነገር እቀይራለሁ። ለቃላት እንግሊዝኛ ይጠቅማል፤ ይህን አልተውም። ለዓረፍተ ነገር አሠራር ግን አማርኛው ይቀርባል። ሁለቱን በአንድ ደብተር ማምታታት ነው ችግሩ።

አሞራ ገደል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡40

እኔ የምኖረው ከአሣው ገበያ አጠገብ ነው፤ ጎብኚዎችን በጀልባ አዞራለሁ። ስፔኖቹ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ «ፊሽ» ይላል፣ እኛ አሣ እንላለን፤ ውኃ ውስጥም ይሁን መጥበሻ ላይ ለሁለታችንም አንድ ነው። ስፓኒሽ ግን ሁለት ያደርገዋል። ሐይቁ ውስጥ የሚዋኘው «ፔስ» ነው። ከተያዘና ለምግብ ከሆነ «ፔስካዶ» ይባላል። «ፔስካዶ» ማለት የተሰገረ ማለት ነው፤ አሣ ማስገር ከምንለው ጋር ይሄዳል።

እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ ከታች እየዋኘ ያለ ቆሮሶ አሳይቼ «ፔስካዶ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ አዛውንት ስፔናዊ በእርጋታ «ቶዳቪያ ኖ» አሉኝ፤ ገና ነው፣ ገና አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አስጋሪዎቹ መረቡን ሲጎትቱ ሳይ ያቺ ቅጽበት ትታየኛለች። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ቢልጫው መረብ ውስጥ ሆኖ ሲነሣ ስሙ አብሮት ይለወጣል። እኛ ይህን የሚለይ ስም የለንም። ቢኖረን ደስ ባለኝ።

ጋራዥ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

የመኪና ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ስፓኒሽ አልተማርኩም። ልጄ ይህን ክር ስታነብልኝ ግን የማውቃቸው ቃላት በዙብኝና ጠየቅኋት። እኛ ፍሬን እንላለን፣ እነሱ «ፍሬኖ»፤ እንግሊዝኛው «ብሬክ» ነው። እኛ ባሌስትራ እንላለን፣ እነሱ «ባዬስታ»። ማርሽ «ማርቻ» ነው። ፒንሳ «ፒንሳ» ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ባኞ «ባኞ» ነው። ባንዲራ «ባንዴራ»። ቦርሳ «ቦልሳ»። ብዙው ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገባ ነው፤ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ወንድማማች ስለሆኑ ነው የገጠሙት። ከእንግሊዝኛ ይልቅ በጋራዥ ቋንቋ የሚቀርበን ያ ሆነ።

ልጄ ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። «ማኪና» በእነሱ ማንኛውም ማሽን ነው፤ የልብስ ስፌትም ቢሆን። መኪና «ኮቼ» ወይም «ካሮ» ይሉታል። «ጎማ»ም የእኛን ጎማ የሚሆነው በአርጀንቲናና በአንዳንድ የካሪቢያን አገሮች ነው፤ ስፔን ውስጥ ላስቲክ፣ የእርሳስ ማጥፊያ፣ እንዲያም ሲል ሙጫ ነው።

ከፓርኩ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡05

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እሰፋለሁ። ጋራዥ የተውት አንድ ቃል አለ፤ ፋብሪካ። እኛ ፋብሪካ እንላለን፣ ስፓኒሹም «ፋብሪካ» ነው፣ ትርጉሙም አንድ ነው። እንግሊዝኛው «ፋብሪክ» ግን ጨርቅ ነው። እኔ በየቀኑ ፋብሪካ ውስጥ ሆኜ ፋብሪክ እሰፋለሁ፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ስፓኒሹን ሲያነብ የምሠራበትን ቦታና የምሠራበትን ዕቃ ያምታታል። ጨርቅ በስፓኒሽ «ቴላ» ነው።

ሌላው «ካሚሳ» ነው። ምልክቱ ላይ ሳየው ቀሚስ መስሎኝ ነበር፤ ሸሚዝ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ ቃላት ዘመድ ይሆኑ?

ከኢስላ የተመለሰ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ዘመድ ናቸው ተብሎ ይታመናል። «ካሚሳ» ከላቲኑ «ካሚሲያ» ነው፤ ቀሚስ የዓረብኛው «ቀሚስ» ዘመድ ነው፤ የዓረብኛውንም ከዚያው ከላቲኑ ጋር ያያይዙታል። አንዱ በምዕራብ ሸሚዝ ሆነ፣ አንዱ በምሥራቅ ዞሮ እኛ ዘንድ የሴት ልብስ ሆነ።

ዓረብኛ ካነሣን እኔን ያስለቀሰኝን ልንገርሽ። ደሴቲቱ ላይ ስንለቅም የኖርነው ፍሬ «ቶሮንሃ» ይባላል፤ እንግሊዝኛው «ግሬፕፍሩት» ነው። የእጃችንን ጣቶች ቢጫ ያደረገው እሱ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ወደ አገሬ ተመልሼ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት «ትርንጎ» እያሉ ሲሸጡ ሰማሁ። ቆምኩ። «ቶሮንሃ»! «ትርንጎ»! ሁለቱም ከአንድ የዓረብኛ ቃል የወጡ ናቸው። ፍሬዎቹ ይለያያሉ፣ የአንዱ ዘር ግን ናቸው። እንግሊዝኛው መሐል ቢገባ ኖሮ ይህን አላገኘውም ነበር። እዚያ በስደት የለቀምኩት ፍሬ ስሙን ከእናቴ ጓሮ ጋር ይካፈል ነበርና።

ስኳርም «አሱካር» ነው፣ ከዚያው ምንጭ።

ጀማሪ ተማሪ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። «ነው» ለማለት የሚያገለግሉትን ሁለት ግሦች፣ «ሴር» እና «ኤስታር»ን፣ እንዴት ልለይ? እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ግሥ ነው ያለው። የሚያስተምሩን ሁሉ «ዘላቂ ሲሆን ሴር፣ ጊዜያዊ ሲሆን ኤስታር» ይላሉ። ታዲያ የሞተ ሰው ለምን «ኤስታ ሙኤርቶ» ይባላል? ከሞት የበለጠ ዘላቂ ምን አለ?

ከኢስላ የተመለሰ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያ የዘላቂና የጊዜያዊ ሕግ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሠራ ምርኩዝ ነው። አንተ አያስፈልግህም። ቃሉን በአማርኛ በል፤ ከዚያ አማርኛህን አዳምጥ። «ነው» ብለህ ከጨረስክ «ሴር»፤ ግሡ ተፈጽሞ «አል» ብሎ ካለቀ «ኤስታር»።

«ኤስ ቦራቾ» ሰካራም ነው። «ኤስታ ቦራቾ» ሰክሯል።
«ኤስ ካያዶ» ዝምተኛ ነው። «ኤስታ ካያዶ» ዝም ብሏል።
«ኤስ አቡሪዶ» አሰልቺ ነው። «ኤስታ አቡሪዶ» ሰልችቶታል።
«ኤስ ሊስቶ» ብልህ ነው። «ኤስታ ሊስቶ» ተዘጋጅቷል።

አሁን «ኤስታ ሙኤርቶ»ን በአማርኛ በለው። «ሞቷል» አልክ አይደል? «አል» ብሎ አለቀ። እንቆቅልሹ የት ሄደ? ስፓኒሽ የሚጠይቀው ነገሩ ይዘልቃል ወይ ብሎ አይደለም፤ ባሕርይው ነው ወይስ የደረሰበት ነው ብሎ ነው። ሞት የሰው ባሕርይ አይባልም፤ ይደርስበታል። አማርኛም የሚለው ይህንኑ ነው።

የቋንቋ ተማሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ፣ ይህን በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላየሁትም፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ተማሪው እንዳይሳሳት ቀዳዳውን ላሳይ። ቦታ ላይ ሕጉ ይወድቃል። «ቤተ መጻሕፍቱ የት ነው?» እንላለን፤ «ነው» አለ ብሎ «ሴር» ቢያደርገው ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «ዶንዴ ኤስታ ላ ቢብሊዮቴካ» ነው። «ሩቅ ነው» የሚለውም «ኤስታ ሌሆስ» ነው። «አለ» የሚለውን ደግሞ መኖርን ስንናገር «አይ» ይይዘዋል፤ «አይ ፔስካዶ» አሣ አለ ነው።

ከኢስላ የተመለሰ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡55

ጥሩ አድርገህ ያዝከኝ። ለቦታ «የት ነው ያለው?» ብለህ ጠይቅ፤ «ያለው» የምትለው ከገባችበት «ኤስታር» ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ቀዳዳ በልምድ ይሞላል።

እናት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡00

እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። ልጄ ስፔን አገር ባርሴሎና ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። በስልክ ስናወራ «ቴ ኤስፔሮ» የሚል ተማርኩ። እጠብቅሻለሁ ማለት ነው አለችኝ። ጎረቤቴ በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ሲያየው ሦስት ትርጉም አገኘ፤ መጠበቅ፣ ተስፋ ማድረግ፣ ይሆናል ብሎ ማሰብ። የትኛውን ነው የምላት?

ሐይቅ ዳር
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡45

እማማ፣ «ቴ ኤስፔሮ» ሲሏት ልጅዎ እንዳለችው እጠብቅሻለሁ ነው፤ ግሡ ግን ሦስቱንም ይይዛል። እንግሊዝኛ ለሦስቱም የተለያየ ቃል አለው፤ አማርኛ መጠበቅንና ተስፋን ይለያል፤ ስፓኒሽ ሁሉንም በ«ኤስፔራር» ይይዘዋል። እርስዎ «ቴ ኤስፔሮ» ሲሏት በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቋት ይሰማታል።

ሐይቅ ዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ደብተሬን አልቀደድኩትም። ገጹን በሁለት ከፍዬዋለሁ። በቀኝ በኩል የቋንቋ ተማሪው እንዳለው ከእንግሊዝኛ ጋር የሚገጥሙ ቃላት ይገባሉ፤ የሚያታልሉት በቀይ። በግራ በኩል ዓረፍተ ነገሮች፣ በአማርኛ ብቻ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ከስፔኗ ቢልባኦ መጡ። ቅጹን እየሞሉ ሳለ የሚስትየዋ ክንድ የውኃውን ብርጭቆ ነካው። ወለሉ ላይ ተበተነ። ፊታቸው ቀልቶ «አይ፣ ሴ ሜ ካዮ!» አሉ።

መዝገበ ቃላቱ አልታየኝም፤ እንግሊዝኛውም አልመጣብኝም። የሰማሁት «ወደቀብኝ» ነው፣ ልክ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ እንደምትለው። «ኖ ፓሳ ናዳ፣ ሴኞራ» አልኳቸው። ምንም አይደል።